ደረቅ ሽምብራ፣ ፕሬዠር ኩከርና ሁሙስ፦ በአንድ ድስት ውስጥ ያለው ሳይንስ

ደረቅ ሽምብራ ለጥርስ ድንጋይ ነው። በተራ ድስት ተጥዶ ሁለት ሰዓት ያህል ከፈላ በኋላ እንኳ ልቡ ያልበሰለ ፍሬ አይታጣበትም። ይኸው ሽምብራ አድሮ ተዘፍዝፎ በፕሬዠር ኩከር ሲቀቀል ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሁለት ጣት መካከል እንደ ቅቤ ይድጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው የእሳቱ ብርታት ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው። ይህን ለይቶ የተረዳ ሰው በቤቱ ጥሩ ሁሙስ ከማዘጋጀቱም በላይ፣ በብዙ ቤቶች በፍርሃት የሚታየውን ይህን ድስት ያለ ስጋት ሊጠቀምበት ይችላል።

ሁሙስ የሊባኖስን፣ የሶርያን፣ የፍልስጥኤምን፣ የዮርዳኖስንና የእስራኤልን ገበታ የሚያገናኝ ምግብ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ትርጉሙ ሽምብራ ማለት ብቻ ነው፤ የምግቡ ሙሉ ስም «ሁሙስ ቢ ጣሒና»፣ ማለትም «ሽምብራ በጣሒና» ይባላል። ጣሒና ተፈጭቶ የላመ ሰሊጥ ሲሆን፣ ስሙ የተገኘው በግእዝም ሆነ በትግርኛ «ፈጨ» ማለት ከሆነው «ጠሐነ» ከሚለው ሥር ነው። በሽምብራውና በጣሒናው ላይ የሎሚ ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይጨመራሉ። ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ በመሆኑም ለጾም ይስማማል።

ምግቡ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ የሑመራ ሰሊጥም በእስራኤል ጣሒና አምራቾች ዘንድ ተፈላጊ ነው። ከሽምብራ ዱቄት ተሠርቶ በሎሚ፣ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ የሚቀርበው ቡጢቻም ለሁሙስ የሩቅ ዘመድ ሊባል ይችላል። ዋናው ልዩነት ቡጢቻ ከዱቄት ሲሠራ ሁሙስ ተቀቅሎ ከተፈጨ ፍሬ መዘጋጀቱ ነው። ስለዚህ የሁሙስ ፈተና ያለው ከማዋሃዱ ይልቅ ፍሬውን እስከ ልቡ ድረስ በማለስለሱ ላይ ነው።

ሽምብራውን የሚያጠነክረው ምንድን ነው?

የሽምብራ ፍሬ በአብዛኛው ስታርችና ፕሮቲን ነው። ስታርቹ ውሃ ካገኘ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ አብጦ ይለሰልሳል። ስለዚህ መብሰሉን የሚያዘገየው እርሱ አይደለም። የሚያዘገየው ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያጣብቀው ፔክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ግንበኛ ድንጋይን ከድንጋይ በሲሚንቶ እንደሚያያይዝ፣ ፔክቲንም ሕዋስን ከሕዋስ ያያይዛል። ካልሲየምና ማግኒዢየም ደግሞ በፔክቲኑ ሰንሰለቶች መካከል ገብተው ማጣበቂያውን ያጠነክሩታል። ሽምብራ «በሰለ» የሚባለው ይህ ማጣበቂያ ሟሙቶ ሕዋሳቱ በቀላሉ ሲለያዩ ነው።

ከዚህ በመነሣት በማድ ቤት የሚያጋጥሙ ልዩ ልዩ ችግሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው የውሃው ዓይነት ነው። እንደ ለንደን ባሉ ከተሞች የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ በውሃ ማፍያው ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ የተቀቀለ ሽምብራ ለመላላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው የሽምብራው ዕድሜና አቀማመጥ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ጥራጥሬ ምንም ያህል ቢቀቀል የሚጠጥርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከሚቀርቡት ዋና ዋና ማብራሪያዎች አንዱ፣ በፍሬው ውስጥ ታስሮ የነበረው ካልሲየም ቀስ በቀስ እየተለቀቀ ከፔክቲኑ ጋር መጣመሩ ነው። በመሆኑም አሮጌና አዲስ ሽምብራ ቀላቅሎ መጣድ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጥሬ እንዲሆን ያደርጋል።

ሦስተኛው አሲድ ነው። ፔክቲን በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሎሚም ሆነ ቲማቲም ሽምብራው ሳይበስል ወደ ድስቱ መግባት የለበትም። ቤኪንግ ሶዳ በአንጻሩ ውሃውን የአሲድ ተቃራኒ፣ ማለትም አልካላይን ስለሚያደርገው የፔክቲኑን ሰንሰለት ይበጣጥሳል። ውስጡ ያለው ሶዲየምም የካልሲየሙን ቦታ ይተካል። መጠኑ ግን ትንሽ መሆን አለበት፤ ሲበዛ የሳሙና ጣዕም ያመጣል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ይጎዳል። ጨው ጥራጥሬን ያጠጥራል የሚለው የቆየ አመለካከት በሳይንስ የሚደገፍ አይደለም። በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ የሚጨመር ጨው በሶዲየሙ ምክንያት ገለፈቱን ያለሰልሳል እንጂ አያጠነክርም።

ግፊት እንዴት ሙቀት ይሆናል?

በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ምንም ያህል ቢጨመር ውሃው በፍጥነት ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። የመፍያውን ሙቀት የሚወስነው በውሃው ገጽ ላይ የተጫነው ግፊት ነው። ወደ ከፍታ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ዴንቨር ደግሞ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ንፍሮ በደጋ አገር ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፕሬዠር ኩከር ይህን ሕግ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይመልሰዋል። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። በምድጃ ላይ የሚጣዱት የተለመዱት ዓይነቶች ከውጭው አየር በላይ እስከ 100 ኪሎ ፓስካል የሚደርስ ግፊት ይፈጥራሉ፤ ይህም በአሜሪካ መለኪያ በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ያህል ነው። በዚህ ግፊት ውሃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ120 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ድስቶች ከዚህ ጥቂት ዝቅ ባለ ግፊት ስለሚሠሩ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋሉ።

የ20 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ከፍተኛ ነው። በኬሚስትሪ በግምት እንደሚታሰበው፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት 20 ዲግሪ አራት እጥፍ ፍጥነት ማለት ነው። ነዳጅም የሚቆጠበው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ግፊቱ አንዴ ከሞላ በኋላ እሳቱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ያለው እሳት በእንፋሎት መልክ የሚባክን ነውና።

በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ግን ጥቂት ማስተካከያ ማድረግ አለበት። ድስቱ የሚፈጥረው ግፊት በአካባቢው አየር ግፊት ላይ የሚደመር ስለሆነ፣ ያው ድስት በአዲስ አበባ የሚደርሰው 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተለመደው ምክር ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የማብሰያውን ጊዜ በ5 በመቶ መጨመር ነው። በዚህም መሠረት በባሕር ዳርቻ ከተማ 20 ደቂቃ የሚበቃው ሽምብራ በአዲስ አበባ ወደ 26 ደቂቃ ይፈልጋል።

ክዳኑ የተሸከመው ኃይል

የዚህ ድስት አባት ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 በለንደን የሠራው ዕቃ አጥንትን እስኪለሰልስ የሚቀቅል ነበር። ፓፓን የታፈነ እንፋሎት የሚያስከትለውን አደጋ ስለተገነዘበ፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚከፈት ቫልቭ አበጀለት። ዛሬም የድስቱ ደኅንነት የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ቫልቩ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። የአፉ ስፋት 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድስት ሙሉ ግፊት ላይ ሲደርስ፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋው በ400 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ነው። ውስጡ ያለው ውሃም እንደ ተራ የፈላ ውሃ አይደለም። በ120 ዲግሪ ያለ ሁለት ሊትር ውሃ ክዳኑ በድንገት ቢከፈት፣ ከፊሉ በቅጽበት ተንኖ ከ100 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። በዚህ ድስት ሰው ላይ የሚደርሰው ከባድ ቃጠሎ አንዱ መንስኤ ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን በጉልበት መክፈት ነው።

ጥራጥሬ ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለው፤ ያረፋል። አረፋው ገለፈት ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ የእንፋሎት መውጫውን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ ለሽምብራ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሥጋ ወይም ለድንች ከሚደረገው ይለያል።

ድስቱ ውሃውና ሽምብራው ተደምረው ከግማሹ በላይ መሞላት የለበትም። ከመጣዱ በፊት የክዳኑ ቀዳዳ በብርሃን ፊት ተይዞ ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል። የጎማው ቀለበት የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይቀየራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በውሃው ላይ መጨመር አረፋውን ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ፣ ሽምብራው ከበሰለ በኋላ እንፋሎቱን በአንድ ጊዜ መልቀቅ አይገባም፤ አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ተፈናጥሮ ይወጣልና። እሳቱ ጠፍቶ ድስቱ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ይተዋል። ክዳኑ እንቢ ካለ ግፊት አለ ማለት ነው፤ ከመታገል መጠበቅ ይሻላል።

አዘገጃጀቱ

ለሁሙስ የሚመረጠው ትልቁና ነጣ ያለው ካቡሊ የተባለው የሽምብራ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታወቀው ትንሹና ጠቆር ያለው ደሲ ግን ገለፈቱ ወፍራም ስለሆነ ይበልጥ ለቆሎና ለሽሮ ይስማማል።

250 ግራም ሽምብራ ተለቅሞና ታጥቦ በአንድ ሊትር ውሃና በአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ሞቃት ስፍራ መዘፍዘፊያው እንዳይቦካ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይመረጣል። በማግስቱ ውሃው ይደፋና ሽምብራው ይለቀለቃል፤ ከአንድ ሊትር አዲስ ውሃ፣ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ከጥቂት ዘይት ጋርም ይጣዳል። ድስቱ ሙሉ ግፊት ላይ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቆጠራል። ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ ግን ከ45 ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ አበሳሰሉም ወጥ አይሆንም።

ለሰላጣ የሚሆን ሽምብራ ቅርጹን እንደያዘ ይወጣል፤ ለሁሙስ የሚሆነው ግን ከልክ በላይ የበሰለ መሆን አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ ፍሬ በምላስና በላንቃ መካከል ሲጫን ያለ ጥርስ መፍረስ ይኖርበታል። ካልፈረሰ ተመልሶ ለ5 ደቂቃ ይጣዳል። ማሽን ያልበሰለውን ሽምብራ ያደቀዋል እንጂ አያበስለውም፤ አሸዋ አሸዋ የሚለው ሁሙስ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ሽምብራው ተጠንፍፎ ለብ እንዳለ ይፈጫል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ስታርቹ መልሶ ስለሚጠነክር ልስላሴው ይቀንሳል። ገና የሚጨስ ከሆነ ደግሞ በብሌንደሩ ውስጥ የሚታፈነው እንፋሎት ክዳኑን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ከዚያም ከ150 እስከ 200 ግራም ጣሒና፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ለጣዕም የሚበቃ ጨው ይታከላሉ።

በዚህ ጊዜ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነገር ይታያል። ጣሒና ከግማሹ በላይ ዘይት ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሰሊጥ ቅንጣቶች ተንሳፍፈዋል። ጥቂት ሎሚ ወይም ውሃ ሲነካው ቅንጣቶቹ እርጥበቱን ሽተው ይጣበቃሉ፤ ቅባቱም እንደ ጭቃ ይጠጥራል። የተበላሸ የሚመስለው የሚድነው ተጨማሪ ውሃ በማግኘት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ፣ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ድረስ ሲጨመርበት ዘይቱ በደቃቅ ነጠብጣብ በውሃው ውስጥ ይበተናል። ነጠብጣቦቹ ብርሃን ስለሚበትኑም ሁሙሱ ነጣ ብሎ ይለሰልሳል። ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ መፍጨት ለዚህ ይጠቅማል። ሲቀርብ የወይራ ዘይትና ከሙን ይነሰነስበታል።

በፋብሪካ የተዘጋጀ ሁሙስ አብዛኛውን ጊዜ ማቆያ ሲኖረው የቤቱ የለውም። በመሆኑም ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ተከድኖ ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ ባይቆይ ይመረጣል። በገበታ ላይም ከሁለት ሰዓት፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። በጾም ወራት ብዙ ለማዘጋጀት የሚሻ ቤተሰብ፣ ሁሙሱን ከማከማቸት ይልቅ የተቀቀለውን ሽምብራ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ይቀለዋል። አንድ ከረጢት ቀልጦ ሲሞቅ ቀሪው ሥራ የአሥር ደቂቃ ነው።