ከቴምብር እስከ ዕቁብ፦ ግሽበት ቃል ኪዳንን እንዴት ይበላል?

ቴምብር ትንሽ ወረቀት ብትሆንም ሁለት ነገሮችን አጣምራ ይዛለች። አንደኛው ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ሳንቲም ወይም ብር ተከፍሏል ይላል። ሁለተኛው ቃል ኪዳን ነው፤ ይህ ደብዳቤ ከተላከበት ቦታ ይደርሳል ይላል። ገንዘብ ጤናማ በሆነበት ዘመን ቁጥሩና ቃል ኪዳኑ ተስማምተው ስለሚኖሩ ልዩነታቸውን ልብ የሚል የለም። ግሽበት ሲበረታ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ እንደታተመ ይቀራል፤ በዚያ ቁጥር ግን ደብዳቤ ማድረስ የማይቻልበት ቀን ይመጣል።

ይህ ነገር ከእኛ ኑሮ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ቴምብሮች ላይ ታትመው ዓለምን ቢዞሩም፣ የሁለቱ መኖሪያ በሆኑት በስሜን ተራሮች አካባቢ ዛሬ ወሬ የሚደርሰው ከደብዳቤ ይልቅ በእጅ ስልክ ነው። ይሁን እንጂ ከዳባትና ከደባርቅ አልፈን ተራሮቹን ተሻግረን እስከ በየዳ ብንዘልቅ፣ እንደ ቴምብር በቁጥር የተጻፉ ብዙ ቃል ኪዳኖች እናገኛለን። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጡረተኛው አበል፣ የዕድሩ ክፍያ፣ የዕቁቡ ዕጣ ሁሉም በብር የተቆረጡ ተስፋዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ግሽበት በሌሎች አገሮች ቴምብሮች ላይ ያደረሰውን እንመለከታለን፤ ከዚያም ትምህርቱን ይዘን ወደ በየዳ እንመለሳለን።

ጭማሪ በጭማሪ ላይ

የዋጋ ግሽበት ማለት የሸቀጦችና የአገልግሎቶች አጠቃላይ ዋጋ ያለማቋረጥ መጨመር፣ በሌላ አነጋገር የገንዘብ የመግዛት ዐቅም መቀነስ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ፊሊፕ ኬገን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጥናት፣ ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ከ50 በመቶ በላይ የሚያሻቅብበትን ሁኔታ "ሃይፐርኢንፍሌሽን" በማለት ከተራው ግሽበት ለይቶታል። እኛም ልጓም ያጣ ግሽበት ልንለው እንችላለን።

50 በመቶ ሲሉት ብዙ አያስፈራም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ወር ጭማሪ ባለፈው ወር ጭማሪ ላይ ስለሚደራረብ ውጤቱ ከግምት ውጭ ይሆናል። በመስከረም 10 ብር የተሸጠ ዕቃ በዚህ ፍጥነት ቢጨምር፣ በመጪው ዓመት መስከረም ዋጋው 1,297 ብር ይደርሳል። ይህም ማለት ዋጋው በ1 ወር ከ3 ሳምንት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የግሽበትን ክብደት ለመረዳት ከመቶኛው ይልቅ "ዋጋ በስንት ጊዜ እጥፍ ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የጀርመን ደብዳቤ

ለዚህ ጥያቄ በቴምብር መልስ የሰጠች አገር ጀርመን ናት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር እ.ኤ.አ. በ1914 እስከ 20 ግራም የሚመዝን ደብዳቤ በአገር ውስጥ ለመላክ 10 ፕፌኒግ፣ ማለትም የአንድ ማርክ አንድ ዐሥረኛ ይበቃ ነበር። ጀርመን ጦርነቱን በአብዛኛው በብድር አካሂዳ ተሸነፈች፤ የጦር ካሳም ተጣለባት። እ.ኤ.አ. በጥር 1923 ፈረንሳይና ቤልጅግ የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢን ሲይዙ፣ ሥራ አንሠራም ብለው ለተቃወሙት ሠራተኞች መንግሥት ገንዘብ እያተመ ይከፍል ጀመር። ከዚያ በኋላ ዋጋ በወር ሳይሆን በቀን የሚለዋወጥ ሆነ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የአንድ ተራ ደብዳቤ ክፍያ ያደረገውን ሩጫ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 100 ሚሊዮን ማርክ ነበር። በ5ኛው ቀን 1 ቢሊዮን፣ በ12ኛው ቀን 10 ቢሊዮን፣ በ20ኛው ቀን 20 ቢሊዮን፣ በ26ኛው ቀን 80 ቢሊዮን ሆነ። ዲሴምበር 1 ቀን 100 ቢሊዮን ማርክ ደረሰ። ማተሚያ ቤቶች ይህን ፍጥነት ሊከተሉት አልቻሉም። በመሆኑም በነባር ቴምብሮች ላይ አዲስ ቁጥር በጥቁር ቀለም ይታተምባቸው ጀመር። የታተመው ትልቁ ቴምብር የ50 ቢሊዮን ማርክ ሲሆን፣ እርሱም ብቻውን አንድ ደብዳቤ የማያደርስበት ቀን መጣ። በወሩ የመጨረሻ ቀናት ፖስታ ቤቱ ቴምብሮች ሁሉ በላያቸው ከተጻፈው በአራት እጥፍ እንዲቆጠሩ እስከ መወሰን ደርሷል።

ከ10 ፕፌኒግ እስከ 100 ቢሊዮን ማርክ ያለው ርቀት 1 ትሪሊዮን እጥፍ ነው። ቁጥሩን በደጋ ሰው ሚዛን እንመዝነው። አንድ የገብስ ፍሬ ወስደን እጥፍ፣ ያንን እጥፍ እንደገና እጥፍ እያደረግን 40 ጊዜ ብንቀጥል የምናገኘው ከ1 ትሪሊዮን ጥቂት የበለጠ ፍሬ ነው። አንዲቱ ፍሬ 40 ሚሊግራም ያህል ትመዝናለች ብንል፣ ክምሩ ከ400,000 ኩንታል በላይ ይሆናል። የጀርመን ማርክ ውድቀት ከዚህ የ40 ጊዜ እጥፍ አይበልጥም፤ አብዛኛው እጥፍ ግን የተፈጸመው በመጨረሻው ዓመት ነው።

የዕለት ኑሮውም እንደ ቴምብሩ ነበር። ሠራተኛው ደመወዙን በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ እየተቀበለ ዋጋው ሳይለወጥ ወደ ገበያ ይሮጥ ነበር። ዕድሜ ልኩን በባንክ ያጠራቀመ ሰው በቁጠባው አንድ ቴምብር መግዛት አቃተው። ባለዕዳው በአንጻሩ የቤቱን ዕዳ በእንቁላል ዋጋ ከፍሎ ነጻ ወጣ። በእጁ እህልና ከብት የነበረው ገበሬ ከከተሜው የተሻለ ዘመን አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1923 አጋማሽ ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጥቶ አንዱ በ1 ትሪሊዮን አሮጌ ማርክ ሲመነዘር፣ የደብዳቤ ክፍያም ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንሥቶ ወደ 10 ፕፌኒግ ተመለሰ። ቁጥሩ ወደ ቦታው ቢመለስም የቆጣቢዎቹ ጥሪት ግን አልተመለሰም።

ቁጥር የሌለው ቴምብር

ከጀርመንም የከፋው ግሽበት የታየው በሃንጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1946 ፔንጎ የተባለው የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ በየ15 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ለፖስታ ሥራ እዚህ የተገኘው መፍትሔ ከጀርመኑ የተለየና የላቀ ነው። በዚያው ዓመት የሃንጋሪ ፖስታ በነባር ቴምብሮች ላይ ቁጥር መጻፉን ትቶ የአገልግሎቱን ስም በምሕጻረ ቃል አተመባቸው፤ ይህ ለአገር ውስጥ ሩቅ ደብዳቤ፣ ይህ ለከተማ ውስጥ ደብዳቤ፣ ይህ ለፖስት ካርድ እያለ ለየ። ዋጋው በየቀኑ በመስኮቱ ይነገራል፤ ቴምብሩ ግን የሚናገረው ቃል ኪዳኑን ብቻ ነው። ትናንት የተገዛ ቴምብር ዛሬም ደብዳቤ ያደርሳል።

ይህ ሐሳብ ግሽበቱ ካለፈ በኋላም አልሞተም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1989 "አንደኛ ደረጃ" እና "ሁለተኛ ደረጃ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ያላቸውን ቴምብሮች፣ አሜሪካም በ2007 ለዘለዓለም የሚያገለግል የተባለውን ቴምብር አወጣች። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። በቁጥር የተጻፈ ቃል ኪዳን ከገንዘቡ ጋር ይወድቃል፤ በነገሩ የተጻፈ ቃል ኪዳን ግን ገንዘቡ ቢወድቅም ይቆማል።

አሞሌና ጠገራ

አያቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ ወደ ደጋው የሚጫነው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል፣ መገበያያም መብልም ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደመዘገበው፣ አሞሌው ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። እንደ ወረቀት ገንዘብ በአንድ ሌሊት እልፍ አድርጎ ማተም አይቻልም፤ እያንዳንዱ አሞሌ የግመልና የበቅሎ ድካም አለበት።

ጠገራው ብር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ1780 ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ፣ እንዲሁ የራሱ ክብደት ነበረው። በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ዋጋቸው በግርሽ የተጻፈ ሲሆን፣ 16 ግርሽ አንድ ብር ይሆን ነበር፤ ከቁጥሩ ጀርባ የቆመው ብር የተባለው ማዕድን ራሱ ነበር። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የወረቀት ሊሬ እንዲቀበል የተነገረው ገበሬ ጠገራዬን ስጡኝ ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው። ወራሪው ይህን ስለሚያውቅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርያ ቴሬዛን ብር የመቅረጽ መብት ከኦስትሪያ አስቀድሞ አግኝቶ ነበር።

በየዳና ብሩ

ኢትዮጵያ በኬገን መለኪያ ልጓም ያጣ ግሽበት ደርሶባት አያውቅም። ይህ ግን ጉዳቱ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓመታዊው ግሽበት በአማካይ ወደ 34 በመቶ ደርሶ ነበር። የበጀት ጉድለትን ከብሔራዊ ባንክ በሚገኝ ብድር መሸፈን፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ ጦርነትና ድርቅ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተፈቀደ በኋላም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ይፋዊው የግሽበት ምጣኔ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ምጣኔው ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።

ግሽበት በ34 በመቶ ቢቀጥል ዋጋ በ2 ዓመት ከ4 ወር ተኩል ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህን ይዘን ወደ በየዳ እንግባ። የደጋው ገበሬ ጥሪቱን በገብስ ጎተራና በበግ መልክ ስለሚይዝ ከከተማው ደመወዝተኛ ይልቅ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን በጉን በጥር ሸጦ ብሩን በሣጥን ካስቀመጠና ማዳበሪያ፣ ጨው፣ ሳሙናና የልጆቹን ደብተር በሐምሌ ከገዛ፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር 14 ብር ያህል ማንም ሳይሰርቀው ይጠፋል። በዚያው ወረዳ የሚያስተምረው መምህር ደግሞ በግ የለውም፤ ደመወዙ በቁጥር የታተመ ቴምብር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ዕቁብ ነው። 24 አባላት በየወሩ 1,000 ብር እየጣሉ በዕጣ 24,000 ብር የሚያነሡበትን ዕቁብ እናስብ። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለትና በ24ኛው ወር የሚደርሰው ሰው እኩል 24,000 ብር ይቆጥራሉ። ግሽበቱ 34 በመቶ ከሆነ ግን የመጨረሻው ሰው 24,000 ብር የሚገዛለት፣ በመጀመሪያው ወር 13,700 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ዕጣው ተራን ብቻ ሳይሆን የገንዘቡንም መጠን እያከፋፈለ ነው ማለት ነው። ዳኛውም ጸሐፊውም ምንም ሳያጠፉ፣ መዝገቡም ሳይዛባ፣ በመተማመን የተመሠረተ ማኅበር ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል።

ዕድርም እንዲሁ ነው። ለሟች ቤተሰብ ይህን ያህል ብር እንሰጣለን ብሎ ከዓመታት በፊት የወሰነ ዕድር፣ ቁጥሩን ጠብቆ ቃሉን ሊያፈርስ ይችላል። ድንኳን እንተክላለን፣ እንጀራ እናቀርባለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን ያለው ዕድር ግን የሃንጋሪን ቴምብር ይመስላል፤ የገባው ቃል በአገልግሎት የተጻፈ ነው። የወንፈልም ጥንካሬ ከዚህ ይመነጫል። ዛሬ አንድ ቀን ያጨደ ነገ አንድ ቀን ይታጨድለታል፤ በመካከሉ የብር ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ የአንድ ቀን ጉልበት ያው የአንድ ቀን ጉልበት ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ሁሉን ነገር ከብር አውጥተን በእህል እንተካው ማለታችን አይደለም። ገብስን ነቀዝ ይበላዋል፤ በግን በሽታ ይጨርሰዋል፤ ድርቅ ሁለቱንም ይወስዳል። በአገር ደረጃም ክፍያን ሁሉ በየዕለቱ ከዋጋ ጋር ማያያዝ የራሱ አደጋ አለው። ሃንጋሪ ግብር በትክክል እንዲሰበሰብ በየቀኑ ከዋጋ ጋር የሚስተካከል ልዩ ፔንጎ ፈጥራ ነበር፤ ይህ ገንዘብ ወደ ገበያ ሲገባ ግን ተራው ፔንጎ በባሰ ፍጥነት ወደቀ። የግሽበት ዋናው መድኃኒት ያለው በገንዘቡ ምንጭ፣ በምርትና በመንግሥት በጀት ዘንድ ነው።

በመንደር ደረጃ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። ዕቁብተኞች የሚጥሉትን መጠን በየጥቂት ወሩ ከአንድ ከታወቀ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ ጋር እያስተያዩ ሊያሻሽሉ ይችላሉ፤ ወይም የዕቁቡን ዙር አሳጥረው ከ24 ወር ወደ 6 ወር ማውረድ ይችላሉ። በስድስት ወር ዙር የመጨረሻው ሰው ጉዳት በዚያው የ34 በመቶ ግሽበት ከ43 በመቶ ወደ 11 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዕድሮችም ክፍያቸውን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሒሳብ በሚተሳሰቡበት ዕለት ቢያዩት ቃላቸውን ይጠብቃሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው የእጥፍ ስሌት ነው፤ የደባርቅ፣ የዳባትና የበየዳ ተማሪዎችም በወላጆቻቸው የዕቁብ መዝገብ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ።