ፒክአፕ ወይስ የፊልድ መኪና? ምርጫው ከሥራው ይነሣል

በሐዋሊ ሕንፃዎች መካከል ማቆሚያ ፍለጋ የሚዞር አሽከርካሪ ስለ መኪናው ትልቅነት ደጋግሞ ያስባል። ለዓመታት በላቡ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ መኪና ገበያ የሚወጣ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ ጊዜ ልቡ የሚያዘነብለው አገር ቤት ወደሚያውቀው የናፍጣ ፒክአፕ ነው።

ምክንያት አለው። የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብርቱ ጉልበት ይሰጣል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። የፒክአፑ የኋላ ባሌስትራ ጭነት ይሸከማል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል። ሞላ የተገጠመለት የፊልድ መኪና በበኩሉ ቤተሰብን ያለ ድካም ያጓጉዛል፤ በክረምት ወደ በረሃ ለሚወጡም የጎማው አየር ቀነስ ከተደረገለት አሸዋውን ይሻገራል።

ኩዌት ላይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። መደበኛው ቤንዚን በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. በሊትር ከ60 ወደ 85 ፊልስ ከፍ ቢልም ከናፍጣ ይረክሳል። ስለዚህ ናፍጣ አገር ቤት የሚያስገኘው ቁጠባ እዚህ ይሳሳል።

«ጥቂት ነድቼው ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለው ሐሳብም መሠረቱ ተናግቷል፤ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቃለች።

እንግዲህ መኪናው የሚመዘነው እዚሁ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ዕቃ ለሚያመላልስ ፒክአፑ፣ ቤተሰብ ይዞ በረሃ ለሚወጣ የፊልድ መኪናው ይስማማል። ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ለሚመላለስ የሐዋሊ ነዋሪ ግን ትንሽ የቤት መኪና ትበቃዋለች፤ የተረፈው ገንዘብ ለአገር ቤት ይተርፋል።