የጥሬ ወተት ሽያጭና የሻጩ ኃላፊነት

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ወተት ከከብት እርባታ ውጤቶች ሁሉ ፈጥኖ ገንዘብ የሚሆን፣ ፈጥኖም የሚበላሽ ነው። በአዊ ዞን በአዘናና በአካባቢዋ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ገጠር ሁሉ፣ ከቤት ፍጆታ የሚተርፈው ወተት በአብዛኛው እየተናጠ ቅቤና አይብ ሆኖ ለገበያ ይቀርባል። ዲቃላ ላም የሚያረቡ ገበሬዎች በሚበረክቱበትና ከተማ በሚያድግበት ቦታ ግን ወተቱ ራሱ ለሻይ ቤት፣ ለሆቴልና ለቤተሰብ በየቀኑ ይሸጣል። በዚህን ጊዜ ከገበሬው ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ያልፈላ ወተት መሸጥ በሕግ ተከልክሏልን? ወተቱ ሰው ቢጎዳስ ተጠያቂው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠትና የወተት ማኅበራት ሕጉን በዕለት ሥራቸው እንዴት ሊፈጽሙት እንደሚችሉ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

1. ሕጉ ምን ይላል?

የጥሬ ወተት ሽያጭ በየአገሩ በልዩ ልዩ መንገድ ይመራል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሰው መጠጫ የሚሆን ጥሬ የላም ወተት እንዳይሸጥ ከልክላለች። በአሜሪካ ጥሬ ወተት ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ተሻግሮ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ታግዷል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ አነስተኛ የወተት ነጋዴዎችን ከማባረር ይልቅ አሠልጥኖ ፈቃድ መስጠትን መርጣለች።

በአገራችን ጥሬ ወተት መሸጥን በጠቅላላው የሚከለክል አዋጅ አልወጣም። ይህ ማለት ግን ሻጩ ያሻውን ያቀርባል ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ምግብን ሲተረጉም ጥሬውንም፣ በከፊል የተዘጋጀውንም፣ የተዘጋጀውንም ለሕዝብ የሚቀርብ ምግብ ሁሉ አጠቃሏል። የዚህን አዋጅ የምግብ ድንጋጌዎች የተካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነቱ ያልተጠበቀና የተበረዘ ምግብ ለሰው እንዳይቀርብ ይከለክላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለጤና አደገኛ የሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ፣ ጥራቱ ከተወሰነው ደረጃ በታች የሆነ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ዕቃ መሸጥን ከልክሏል። ጥሬ የላም ወተት ሊያሟላ የሚገባው ጥራትም እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ ቁጥር 3460 ተወስኗል። ከዚህም በላይ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጤናን የሚጎዳ ወይም የተበረዘ ምግብ አዘጋጅቶ መሸጥን በወንጀል ያስቀጣል።

በአጭሩ፣ ሕጉ የሚከለክለው ወተቱን ሳይሆን በወተቱ ውስጥ ሊኖር የማይገባውን ነገር ነው።

2. እሳት የሚያጠፋውና እሳት የማያጠፋው ጉዳት

ብዙ ሻጮች «ገዢው አፍልቶ ይጠጣዋል» በማለት ኃላፊነቱን ለገዢው ይተዉለታል። አነጋገሩ ከፊል እውነት አለው። የከብት ሳንባ ነቀርሳ፣ የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) እና ተቅማጥ የሚያስከትሉ ጀርሞች በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ወተቱ በሚገባ ከተንተከተከ ግን ይሞታሉ። የወተት ፋብሪካዎችም ይህንኑ የሚያደርጉት ወተቱን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ በማሞቅ ነው። ወተት ረግቶ እርጎ በመሆኑ ብቻ ግን እነዚህ ጀርሞች ሁሉ ጠፍተዋል ብሎ መተማመን አይገባም።

በሌላ በኩል እሳት የማይመልሳቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

ሀ. ውሃ። ወተት ላይ የተጨመረ ውሃ በማፍላት አይወጣም። ለሕፃን ተብሎ የተገዛው ወተት ምግብነቱ ይቀንሳል፤ ውሃው ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ከሆነም ሌላ በሽታ ይጨምራል።

ለ. የመድኃኒት ቅሪት። የጡት በሽታ ይዟት ፔኒሲሊን ወይም ሌላ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተሰጣት ላም መድኃኒቱን በወተቷ ታወጣለች። ማፍላት ይህን አያስወግድም። የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቱ መሸጥ የለበትም። እርጎ እንዲሆን የተቀመጠ ወተት አልረጋ ሲል አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሐ. የሻገተ መኖ መርዝ። በሻገተ መኖ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በላሟ አካል ተለውጦ በወተት ይወጣል፤ እሳትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ ዙሪያ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ይህ መርዝ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረባቸው። ይህ መጠን በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን ከተወሰነው ጣሪያ የሚያልፍ ነው። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተመልክቷል። ስለዚህ ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ደረቅና ነፋስ በሚገባው ቦታ ሊቀመጥ፣ የሻገተውም ሊጣል ይገባል። መርዙ ያለበት መኖ ከቆመ በወተቱ ውስጥ የሚገኘው መጠን በጥቂት ቀናት ይወርዳል።

እንግዲህ ገዢው በቤቱ ሊያስተካክለው የሚችለው ጀርሙን ብቻ ነው። የቀረውን መከላከል የሚችለው ላሟን የሚያልበውና ወተቱን የሚረከበው ብቻ ስለሆነ፣ ኃላፊነቱ በሻጩ ላይ መውደቁ ተገቢ ነው።

3. ማኅበር ሲሸጥ ምን ይለወጣል?

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተመዘገበ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አለው። በስሙ ይዋዋላል፤ ይከሳል፤ ይከሰሳል። ገዢው የሚያውቀው ሻጭ ማኅበሩ እንጂ በበርሜሉ ውስጥ ወተት የጨመረውን እያንዳንዱን አባል አይደለም።

ለምሳሌ 20 አባላት እያንዳንዳቸው 5 ሊትር ቢያቀርቡ 100 ሊትር ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር ቀላቅሎ ቢያመጣ መቶውም ሊትር ሊረጋ ይችላል። በሞቃት ስፍራ ጀርሞች በየ30 ደቂቃው እጥፍ ቢሆኑ አንዱ በ5 ሰዓት ውስጥ ከ1000 በላይ ይሆናልና፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቦታ ያደረ ወተት ለብቻው መያዝ አለበት። ከተቀላቀለ በኋላ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም፤ ኪሣራው ግን የሁሉም ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ በተግባር የሚከበረው በመረከቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ ወተቱ ከመቀላቀሉ በፊት ነው።

4. በመረከቢያ ቦታ የሚደረግ ምርመራ

(1) ማየትና ማሽተት። ቆሻሻ፣ ደም፣ የረጋ ነገር ወይም እንግዳ ሽታ ያለበትን አለመረከብ። ላሟ በወለደች በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የሚታለበውን እንገር ለጥጃው መተው።

(2) በማፍላት መፈተን። ከእያንዳንዱ አባል ወተት ጥቂት በማንኪያ ወይም በትንሽ ዕቃ ወስዶ ማፍላት፤ ከቆረጠ አለመቀበል። አልኮል የሚገኝ ከሆነ 68 በመቶ አልኮልና ወተት እኩል ቀላቅሎ መቁረጡን ማየት ይበልጥ ፈጣን ነው።

(3) በላክቶሜትር መለካት። የንጹሕ ወተት እፍጋት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአብዛኛው ከ1.026 እስከ 1.032 ነው። ከዚህ ካነሰ ውሃ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ቅባቱ የተገፈፈ ወተት እፍጋቱ ከፍ ስለሚል፣ ቅባቱ ወጥቶ ውሃ የተጨመረበት ወተት ልኩን የጠበቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥርጣሬ ሲኖር የቅባት ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

(4) መመዝገብ። ቀኑ፣ የአባሉ ቁጥር፣ ሊትሩ፣ የምርመራው ውጤት፣ እንዲሁም መድኃኒት የተሰጣት ላም ካለች በየዕለቱ ይጻፍ። ክርክር ቢነሣ የማኅበሩ ማስረጃ ይህ መዝገብ ነው።

5. ወተት ሲመለስ

ወተት መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት ላም ብቻ ላላት እናት የተመለሰ 3 ሊትር ወተት የዕለቱ ገቢዋ ነው። ምርመራው በፊቷ ካልተደረገና ምክንያቱ ካልተነገራት አድልዎ ተደርጎባታል ብላ ታስባለች፤ በማግሥቱም ወተቷን በየቤቱ ለሚዞር ነጋዴ ትሰጣለች። በዚህ ዓይነት የተመለሰው ወተት ሳይመረመር ለሌላ ሕፃን ይደርሳል።

ስለዚህ የመመለሻው ምክንያት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ ይጻፍ፤ በጠቅላላ ጉባኤም ይጽደቅ። ምርመራው ባለወተቱ እያየ ይደረግ። የሊቀ መንበሩም ወተት እንደማንኛውም አባል ወተት ይፈተን። ወተቱ የተመለሰበትን አባል የልማት ሠራተኛው በዚያው ሳምንት በቤቱ ጎብኝቶ የማለቢያ ዕቃውን፣ የላሟን ጡትና የመኖውን አቀማመጥ ይመልከት።

የጾም ወራትም ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። በዐቢይ ጾም ገዢ ሲያንስ ወተቱን ይዞ ከማቆየት ወደ ቅቤ መለወጥ ይሻላል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ፈላጊው በድንገት ስለሚበዛ ውሃ የመጨመር ፈተናው ያይላል፤ ላክቶሜትሩ በእነዚያ ቀናት ከጠረጴዛው መነሣት የለበትም።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ለገበሬው ሊያስገነዝበው የሚገባው ሕጉ የወተት ገበያውን ለመዝጋት ያልወጣ መሆኑን ነው። ማኅበሩ ለገዢው «ወተቱ ያልፈላ ነውና አፍልታችሁ ጠጡ» ብሎ በግልጽ ይንገር፤ ማፍላት የማይመልሰውን ግን ራሱ ይጠብቅ። ይህን የፈጸመ ማኅበር ሕጉንም ያከብራል፤ የደንበኞቹንም እምነት ያገኛል።