ክላየንትና ከስተመር፦ ሁለቱም “ደንበኛ”?

በሕዝብ ግንኙነት ትምህርታችን ክላየንትና ከስተመር የሚሉት ቃላት በየምዕራፉ ይመጣሉ። ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው ሁለቱንም “ደንበኛ” ብለን እናልፋለን። ጣጣው የሚመጣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት “ደንበኛችን ደንበኞቹን ማብዛት ይፈልጋል” ቢል፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ማስታወቂያ ያሠራው የሳሙና ፋብሪካ ነው፤ ሁለተኞቹ ሳሙናውን የሚገዙት ናቸው። እስቲ ልዩነቱን እንየው።

ከስተመር ልማድ ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው፤ ከአንድ ቦታ መግዛት ያዘወተረ ሰው እንደማለት ነው። የእኛ “ደንበኛ”ም ከደንብ ስለሚነሳ ለዚህኛው ይቀርባል። የሰፈር ባለሱቅ “አንተማ ደንበኛዬ ነህ” ካለ ዱቤ ይሰጥሃል፣ ዳቦ ሲያልቅ አንድ ሁለት ያስቀርልሃል። መንገደኛ ቆም ብሎ ማስቲካ ቢገዛ ግን ገዢ እንጂ ደንበኛ አይባልም።

ክላየንት ዘሩ ሌላ ነው። በጥንት ሮማውያን ዘንድ “ክሊየንስ” የሚባለው በአንድ ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ጥላ ሥር ያደረ ሰው ነበር። ጌታው ችሎት ላይ ይቆምለታል፤ እሱም ጠዋት ጠዋት እቤቱ እየሄደ እጅ ይነሳል። ደጅ መጥናት ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ጥገኝነቱ ቀርቶ እምነቱ ተርፏል። ቲማቲም የሚገዛ ሰው አገላብጦ፣ ነካ ነካ አድርጎ ነው የሚገዛው። ጠበቃ ዘንድ የሄደ ሰው ግን ምኑን አገላብጦ ያያል? ሕጉን ስለማያውቅ እኮ ነው የሄደው። ስለዚህ ጠበቃው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ “ይህ ክስ አያዋጣህም፣ ተወው” ብሎ ገበያውን የሚያሳጣው ምክር መስጠትም ሥራው ነው። ባለሱቁን “ይህን ስኳር አትግዛ በል” የሚለው የለም።

በየካፌው የምንሰማው “ደንበኛ ንጉሥ ነው” ለከስተመር ያምራል። ለክላየንት ግን አደገኛ ይመስለኛል። ንጉሥን ማን ደፍሮ ተሳስተሃል ይለዋል?

አማርኛ ቃል አነሰው ማለቴ አይደለም። ባለጉዳይ አለ፣ ተገልጋይ አለ፣ ታካሚ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ “ሸማች” ሲል መልሶ ለመሸጥ ሳይሆን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ለይቶ ነው። ለክላየንት የሚቀርበው ባለጉዳይ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ “ነገ ተመለስ” ከሚለው ጋር ተጣብቋል።

ወደ እኛ ሙያ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጋዜጣ ሁለት ከፋይ አለው፤ አንባቢና ማስታወቂያ አስነጋሪ። አስነጋሪው ከስተመር ነው። የገዛው ቦታ ስንት ዓምድ እንደሆነ፣ በየትኛው ገጽ እንደወጣ ራሱ ለክቶ ያረጋግጣል። አንባቢው ግን ችሎቱ ላይ ምን እንደተባለ ሄዶ ሊያጣራ አይችልም፤ እኛን አምኖ ነው የሚያነበው። ሳንቲም ከፍሎ ቢገዛንም የያዘው የክላየንትን ቦታ ነው። ታዲያ አዘጋጁ “ኧረ ደንበኛችን ናቸው” ብሎ የአስነጋሪውን ድርጅት የሚነካ ዜና ቢያስቀር፣ የትኛውን ደንበኛ ማለቱ ነው?

እኔ ከእንግሊዝኛ ስመልስ ከስተመርን ደንበኛ፣ የጠበቃውን ክላየንት ባለጉዳይ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱን ደግሞ አሠሪ ማለት ጀምሬያለሁ። “አሠሪ” ቅር የሚለው ካለ የተሻለ ቃል ያምጣ፤ እቀበላለሁ።