የኢንጄክተር ሪዚስተር፦ ከኮፈን ሥር የሚወሩ ተረቶች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና እየጠገኑ መንዳት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተገዛ ኢንጄክተር ቆላ ያለችው ሸሕዲ ከተማ ደርሶ ሶኬቱ ልክ ሲሆን፣ ላስቲኩም ሲገጥም፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ወሬው የሚጀምረው ያኔ ነው። አንዱ «ሪዚስተር ካልታሰረለት ኮምፒውተሩን ይበላዋል» ይላል፤ ሌላው «ሪዚስተር ከገባለት ቤንዚን ይቆጥባል» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛው ተረት ነው።

ኢንጄክተር በውስጡ የሽቦ ጥቅል አለው። ቁልፉ ሲዞር ፖዘቲቩ በቀጥታ ይደርሰዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚከፍተውና የሚዘጋው በኔጌቲቩ በኩል ነው። ስለዚህ ኢንጄክተሩ የሚስበው አምፔር በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ትራንዚስተር ያልፋል። ጥቅሉ 14 ኦም ከሆነ በ14 ቮልት 1 አምፔር ይስባል። 2.5 ኦም ከሆነ ግን 5.6 አምፔር ይደርሳል፤ ለአንድ አምፔር የተሠራች ትራንዚስተር ይህን አትችለውም፤ አምፔሩን የሚቀንሰው ሪዚስተር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ዝቅተኛ ኦም ያላቸው ኢንጄክተሮች በፍጥነት ስለሚከፈቱ ትልልቆቹና የውድድር መኪና ላይ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነሱ የተሠራ ኮምፒውተር መጀመሪያ ወደ 4 አምፔር ለቆ ይከፍታቸዋል፣ ከዚያ በ1 አምፔር ገደማ ከፍቶ ያቆያቸዋል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካለ ሪዚስተር ምንም አያስፈልግም።

«የተቀየረ ኢንጄክተር ሁሉ ሪዚስተር ይፈልጋል» የሚለው አባባል ብዙ ደህና ሽቦ አስቆርጧል። በየመንገዱ የምናያቸው የቅርብ ዘመን ኮሮላና ቪትዝ ሲሠሩም ከፍተኛ ኦም ባለው ኢንጄክተር ነው፤ ተተኪው 12 እስከ 16 ኦም ካነበበ እንዳለ ይሰካል። ማወቂያው ቴስተር ብቻ ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ቴስተሩ 200 ኦም ላይ ይደረጋል፣ መጀመሪያ ሁለቱ ዘንጎች ተነካክተው የራሳቸው ንባብ ይታያል፤ 0.4 ካለ ከውጤቱ ላይ ይቀነሳል። 2.5 ኦምን ለሚለካ ሰው ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ቆላ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 14 የነበረው ጥቅል 90 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 18 ይጠጋል። መኪናው ከመተማ ዮሐንስ ተነድቶ እንደገባ ለክቶ «ኢንጄክተሩ ሞቷል» ማለት በጤናው ላይ መፍረድ ነው። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት መለካት ይሻላል፤ አራቱም ኢንጄክተሮች ተቀራራቢ ካነበቡ ጥቅሎቹ ጤነኛ ናቸው። ያኔም ሞተሩ ከቆራረጠ ወደ ማጣሪያውና ወደ ነዳጁ ንጽሕና መዞር ነው፤ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ምን ይዞ እንደሚመጣ ሹፌር ያውቀዋል።

ብዙም የማይወራለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቶዮታ በአንዳንድ ሞተሮቹ ላይ፣ ለምሳሌ በ4ኤ-ጂኢ፣ ሆንዳም እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሪዚስተሩን ከፋብሪካ ገጥመውት ነበር፤ ከሞተሩ አጠገብ የተቀመጠች ትንሽ የብረት ሣጥን ናት። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ከፍተኛ ኦም ያለው ኢንጄክተር ገብቶ ሣጥኗ ከተረሳች፣ የሣጥኗ 6 ኦም በኢንጄክተሩ 12 ላይ ተደምሮ 18 ይሆናል። ኢንጄክተሩ ከ0.8 አምፔር በታች ያገኛል፣ ዘግይቶ ይከፈታል። ሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። ሲነሳ ባትሪው ወደ 9 ቮልት ሲወርድማ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ከዚያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ፖምፓ ይቀየራል፣ ሣጥኗን ግን የሚያያት የለም። መፍትሔው ሣጥኗን አውጥቶ ፖዘቲቩን በቀጥታ ማገናኘት ነው።

ቤንዚን ይቆጥባል የተባለውም ምንጩ እዚሁ ይመስለኛል። የሚረጨውን ነዳጅ የሚወስኑት የኢንጄክተሩ ቀዳዳ፣ የነዳጁ ግፊትና ኮምፒውተሩ ከፍቶ የሚያቆይበት ጊዜ ናቸው። አለቦታው የገባ ሪዚስተር መክፈቻውን ስለሚያዘገይ ነዳጅ ያሳንሳል፤ ይህ ግን ቁጠባ ሳይሆን ሞተሩን ማስራብ ነው።

ሪዚስተር በእርግጥ የሚያስፈልግ ሲሆን ደግሞ ብዙዎች አገጣጠሙ ላይ ይሳሳታሉ። «አንድ ወፍራም ሪዚስተር ለአራቱም ይበቃል» ይባላል። አይበቃም። ሞተሩ ሲፈጥን የሁለት ኢንጄክተሮች መክፈቻ ይደራረባል፤ አንዱን ሪዚስተር ሲጋሩት ቮልቱ ይወርድና ሁለቱም ይዳከማሉ። ለእያንዳንዱ የራሱ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ተቀጥሎ መግባት አለበት። ከተሰበረ ሬዲዮ የተነቀለችውን ቀጭን ሪዚስተር የሚያስገባም አለ። 2.5 ኦም ያለው ኢንጄክተር በ6 ኦም ሲታገዝ 1.65 አምፔር ይስባል፤ ኢንጄክተሩ ክፍት በሆነ ቁጥር ሪዚስተሩ ላይ የሚወርደው 16 ዋት ነው። የሬዲዮዋ ሩብ ዋት ናት፤ ጭሷ ቀድሞ ይታያል። የሚሆነው በአሉሚኒየም የተሸፈነው የ50 ዋት ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን ዋቱን የሚችለው ብረት ላይ በቡሎን ሲታሰር እንጂ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ አይደለም። በሚያዝያ የሸሕዲ ጥላ ራሱ ሲግል ከኮፈን ሥር ያለውን መገመት ነው፤ ንፋስ የሚያገኝበት፣ ከነዳጅ ቱቦም የራቀ ቦታ ይመረጥ።

«ያለ ሪዚስተር ተነስቷል፣ ምን ሆነ?» የሚልም አይጠፋም። መነሳቱ ማስረጃ አይሆንም። ትራንዚስተሯ የምትግለው ኢንጄክተሩ ረጅም ጊዜ ክፍት ሲሆን ነው፤ ያም የሚመጣው ጭነት ይዞ ወደ አይከል የሚያወጣው ዳገት ላይ እንጂ ጋራዥ በር ላይ አይደለም።

ዲዝል ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። እንደ ሃይሉክስ ዲ-ፎር-ዲ ያሉ ኮመን ሬይል ሞተሮች ኢንጄክተሩን የሚከፍቱት ከባትሪው በብዙ እጥፍ በላቀ ቮልት ነው። እዚያ ሪዚስተር መቀጠል ሥርዓቱን ማበላሸት ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን የሚልጥ ሰውም ክፉኛ ይነዝረዋል።