ከሰል ያፈነው ሰው ለምን አይነቃም?

ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ ከምንሰማቸው አሳዛኝ ዜናዎች አንዱ፣ ከሰል አያይዘው እንደተኙ የቀሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። ማታ ቡና ይፈላል፤ ወይም ወጥ ይሠራል። ከዚያ “ቤቱን ያሙቅልን” ተብሎ ምድጃው ከነፍሙ ጥግ ይቀመጣል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። ጠዋት ጎረቤት ቢያንኳኳ የሚመልስ አይገኝም። አደጋው ይበልጥ የሚያሰጋው መኝታውም ማድ ቤቱም አንድ ክፍል በሆነበት ቤት ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከዘነበ ወርቅ እስከ አየር ጤና፣ እንዲህ ባለ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ጥቂት አይደለም።

ብዙዎች አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ተኝተን ሳለ ብርድ ልብስ አፍንጫችንን ቢሸፍነን እንኳ ተጨንቀን እንባንናለን። ታዲያ ከሰል ሲያፍነን ለምን አንነቃም? መልሱ ያለው አንጎልና ሳንባ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ ነው።

አንጎልና ሳንባ እንዴት ይነጋገራሉ?

ልብ ከአንጎል ትእዛዝ ሳትጠብቅ በራሷ መምታት ትችላለች። ሳንባ ግን በራሱ መለጠጥም መሰብሰብም አይችልም። የሚያንቀሳቅሱት በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችና ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ናቸው። እነዚህ ደግሞ የሚታዘዙት ከማጅራት ከፍ ብሎ በሚገኘው የአንጎል ግንድ ነው። አንድ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህም በቀን ከ17 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ሲሆን፣ አብዛኛው እኛ ሳናስበው የሚከናወን ነው።

ሳንባም በበኩሉ መልእክት ይልካል። ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ የሚያቃጥል ነገር እንደገባበትም ቫገስ በተባለው ረጅም ነርቭ በኩል ለአንጎል ያስታውቃል። በርበሬ ሲቆላ ወዲያው የሚያስለን ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ዓይነት ጠባቂዎች አሉን። አንደኛው በአንጎል ግንድ አካባቢ ሆኖ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። ትንፋሻችንን ይዘን ስንቆይ የሚያስጨንቀን በዋነኛነት የኦክስጅን ማለቅ ሳይሆን የዚህ የተቃጠለ አየር መጠራቀም ነው። ብርድ ልብስ ሲሸፍነን የሚያነቃንም እሱ ነው። ሁለተኛው ጠባቂ በአንገታችን ግራና ቀኝ ካሉት ትላልቅ የደም ቧንቧዎች አጠገብ ሆኖ ኦክስጅንን ይከታተላል። የአንገቱ ጠባቂ በአተነፋፈስ ላይ ያለውን ድርሻ ያሳወቁት የቤልጂግ ሳይንቲስት ኮርኔይ ሄይማንስ እ.ኤ.አ. የ1938ን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ከሰል ጠባቂዎቹን እንዴት ያልፋል?

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጉሮሮም አያቃጥልም። ስለዚህ ሳንባ በቫገስ ነርቭ በኩል የሚያስተላልፈው አቤቱታ አይኖርም። “ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል፤ አሁን ችግር የለውም” የሚለው አባባል ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል።

በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ነው። ታክሲ ነው እንበል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ወንበሩን ይይዛል፤ ቶሎም አይወርድም። ኦክስጅን ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደ ወትሮው በትንፋሽ ስለሚወጣ የአንጎል ግንድ የተለየ ነገር አይታየውም። የአንገቱ ጠባቂም የሚለካው በደም ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን እንጂ ታክሲው የጫነውን አይደለም። የሟሟው ደግሞ ብዙም አልቀነሰም። በዚህ ምክንያት ማንቂያው ሳይጮህ አንጎል ይራባል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በመሆኑም ቀድሞ ከሚጎዱት አንዱ እሱ ነው። ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። የነቃ ሰው እንኳ በሩ ጋ መድረስ ሊያቅተው ይችላል።

“እኛ ደገኞች ነን፤ ስስ አየር ለምደናል” የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ልማድ ግን ከካርቦን ሞኖክሳይድ አያድንም።

ሌሎች በሽታዎችስ?

በአንጎልና በሳንባ መካከል ያለው ግንኙነት በሌሎች ሕመሞችም ይታያል። የሳንባ ምች የያዛቸው አዛውንት አንዳንዴ ሳል ሳይኖራቸው በድንገት ይቀባዥራሉ፤ “እርጅና ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስም በደም አድርጎ የአንጎልን ሽፋን ሊያጠቃ ይችላል። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ተቋቁሞ ኋላ የሳንባ ነቀርሳንም በስሙ ያካተተ ማዕከል ነው። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መመርመር ይገባል።

ምን ማድረግ አለብን?

በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ራሱን የሳተ ሰው ካገኙ በርና መስኮት ከፍተው ፈጥነው ወደ ውጭ ያውጡት፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ጋዙ ንጹሕ አየር ብቻ በሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፣ በሐኪም ቤት ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን ጋዞች ስለማይለይ “ደህና ነው” ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሰል እንደነበረ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ተሽሎት ቤቱ የገባ ሰውም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት ወይም የጠባይ ለውጥ ከታየበት ተመልሶ ይታይ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ለፅንሱም ስለሚያሰጋ ደህና ነኝ ብትል እንኳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን መከላከሉ ነው። ከሰል ውጭ ይያያዝ፤ ቤት ውስጥ ሲገባም በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ፍሙ ከነምድጃው ይውጣ። ለብርዱ አንድ ጋቢ መደረብ ይሻላል።