የካን ትራንሲቨር አገጣጠምና ብልሽት ፍለጋ

ካን ትራንሲቨር በማይክሮኮንትሮለርና በመኪና የመረጃ መስመር መካከል የሚገባ ትንሽ ቺፕ ነው። ከማይክሮኮንትሮለሩ የሚወጣውን ዜሮና አንድ በሽቦ ላይ ወደሚሄድ ቮልቴጅ ይለውጣል፤ ከሽቦው የሚመጣውንም መልሶ ለማይክሮኮንትሮለሩ ያቀብላል። ካን የሚባለውን መስመር እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገው የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ነው። በጎጃም በረንዳ ጭነው የሚያልፉ አዳዲስ የጭነት መኪኖችም ሆኑ ከአውቶቡስ ተራ የሚነሱ ዘመናዊ አውቶቡሶች፣ ሞተራቸው፣ ፍሬናቸውና ዳሽቦርዳቸው የሚነጋገሩት በዚሁ መስመር ነው። የሞተር ዙር ወይም የነዳጅ ፍጆታ የሚያነብ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያም የሚገባው በዚያው በኩል ነው።

መስመሩ ካን ሃይና ካን ሎው የሚባሉ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች አሉት። መልእክት በሌለበት ጊዜ ሁለቱም 2.5 ቮልት አካባቢ ናቸው። ዜሮ ሲላክ ሃይ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ሎው ወደ 1.5 ይወርዳል። የሚነበበው ልዩነታቸው ስለሆነ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል የሚነካ ረብሻ ጉዳት አያደርስም። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም ሪዚስተር ይገጠማል።

አገጣጠሙ የሚጀምረው ከቮልቴጅ ነው። ቲጄኤ1050 በ5 ቮልት፣ ኤስኤን65ኤችቪዲ230 በ3.3 ቮልት ይሠራል። እንደ ተራ ሲሪያል ቲኤክስና አርኤክስ አይጠላለፉም፤ የማይክሮኮንትሮለሩ ቲኤክስ ከትራንሲቨሩ ቲኤክስ፣ አርኤክሱም ከአርኤክሱ ጋር ይያያዛል። ቀጥሎ ፍጥነቱ ይመረጣል፦ በትላልቅ የጭነት መኪኖች ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 250 ሺህ ቢት፣ በቤት መኪኖች 500 ሺህ ነው። ለማይክሮኮንትሮለሩ የካን ክፍል የሚደርሰው ሰዓት 8 ሜጋኸርዝ ከሆነ አንድን ቢት በ16 መክፈል 500 ሺህ ይሰጣል። ከ16ቱ 1 ለማመሳሰያ፣ 13 ከንባቡ በፊት፣ 2 ከንባቡ በኋላ ሲሆኑ ንባቡ 87.5 በመቶ ላይ ያርፋል።

ብልሽት ሲፈለግ ቺፑን ከመቀየር በፊት ሽቦው ይለካል። የመኪናው ባትሪ ተነቅሎ ቴስተር በሃይና በሎው መካከል ሲደረግ 60 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት፤ በቤት መኪና መመርመሪያ ሶኬት እነዚህ ፒን 6ና 14 ናቸው። 120 ካነበበ አንዱ ሪዚስተር የለም ወይም ሽቦ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። 40 ካነበበ ሦስተኛ ሪዚስተር ገብቷል፤ ይህ የሚመጣው ገበያ ላይ ባሉ ሞጁሎች ላይ ተበይዶ ከሚሸጠው ሪዚስተር ነው።

ሽቦው ደህና ከሆነ ተራው የሶፍትዌሩ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ የራሱን መልእክት ራሱ በሚቀበልበት የውስጥ ሙከራ ከሠራ፣ ችግሩ ያለው ከእሱ ውጭ ወይም በፍጥነቱ ላይ ነው። ሞጁሉ ላይ ያለው ሰዓት ሰጪ ክሪስታል 8 ሜጋኸርዝ ሆኖ ሶፍትዌሩ 16 ብሎ ካሰላ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ አንድም መልእክት አይነበብም። ጠረጴዛ ላይ ብቻውን የተሞከረ መሣሪያም መልእክቱን ደጋግሞ ይልካል እንጂ አይሳካለትም፤ «ደርሶኛል» የሚል ሌላ ተቀባይ ስለሌለ ነው። የስህተት ቆጣሪው ከ255 ካለፈ ደግሞ መሣሪያው ራሱን ከመስመሩ ያወጣል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዳግም ማስነሳት ስህተቱን ይመልሰዋል።

በሚሠራ መኪና ላይ የመጀመሪያው ሙከራ በማዳመጥ ብቻ ይሁን። በተሳሳተ ፍጥነት የሚልክ መሣሪያ የሞተሩንና የፍሬኑን መልእክት ያበላሻል፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ግን ፍጥነቱን ቢስትም መስመሩን አይረብሽም።